ሥራ ያጣ ሰው ጤናውንም እንዳያጣ

ሥራ ፈላጊዎች በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሲመዘገቡ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የትምህርት ደረጃቸውና ሊሰማሩበት የሚፈልጉት የሥራ መስክ ይጠየቃል። የነዋሪነት መታወቂያቸው ይታያል፤ የትምህርት ማስረጃቸው ከፋይላቸው ጋር ይያያዛል። ስለ ጤንነታቸው የሚጠይቃቸው ግን እምብዛም የለም። ጤና የሌላ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜም የሌላ ሕንፃ ሥራ ተደርጎ ስለሚወሰድ ነው። ይሁንና ሥራ ማጣት በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስመልክቶ ላለፉት ዘጠና ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ሁለቱ ክፍሎች የሚያስተናግዱት አንድ ሰው ነው፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ዜጎች ቁጥር ቀላል አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2003 ባካሄደው ጥናት የአገሪቱ የከተማ ሥራ አጥነት ምጣኔ ከ26 በመቶ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2018 ወደ 19 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት የወንዶቹ ምጣኔ 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን የሴቶቹ 26 በመቶ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2021 በተካሄደው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናትም የከተማው ምጣኔ ከ18 በመቶ በታች አልወረደም። አኃዙ የሚመለከተው ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ሆነው ያላገኙትን ነው። በቤት ውስጥ ሥራ ተጠምደው «የቤት ልጅ» ተብለው የታለፉ ወጣት ሴቶች ቢደመሩበት ቁጥሩ ከዚህም እንደሚልቅ መገመት አያዳግትም።

ሥራ ማጣት ጤናን የሚጎዳው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ገቢ ነው። ገቢው የተቋረጠ ሰው ማዕዱ ይቀንሳል። ሲያመው «ያልፋል» ብሎ ይቆያል፤ ሲብስበት ደግሞ ካርድ አውጥቶ ከመመርመር ይልቅ ከመድኃኒት መደብር በግምት የገዛውን ኪኒን ይውጣል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ ሊወስደው የሚገባውን መድኃኒት ለማብቃቃት ሲል ቀን እየዘለለ መውሰድ ይጀምራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም ሕክምናው በመደበኛው ሁኔታ ስድስት ወራት ስለሚወስድ የመጓጓዣውና የምግቡ ወጪ ከታካሚው ጫንቃ አይወርድም። በሌላ በኩል ሰው ሥራ በማጣቱ እንደሚታመም ሁሉ በመታመሙም ሥራ ያጣል። በመሆኑም በሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ላይ ከሰፈሩት መካከል አስቀድመው የታመሙ መኖራቸው የሚጠበቅ ነው።

ገቢ ብቻውን ግን ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ይህንን በጥልቀት በማሳየት ቀዳሚ የሆነው ጥናት የተካሄደው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና አቅራቢያ በምትገኝ፣ ማሪየንታል በተባለች አነስተኛ የፋብሪካ መንደር ነው። የመንደሯ ነዋሪዎች ኑሯቸውን የመሠረቱት በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ በ1929 እና በ1930 መካከል ሥራውን ሲያቆም ከ478 ቤተሰቦች አብዛኞቹ በሥራ አጥ ድጎማ የሚኖሩ ሆኑ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ እና ሃንስ ዛይዝል የሚባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንደሯ ገብተው ያጠኑትን እ.ኤ.አ በ1933 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ መጠይቅ ይዘው ብቻ አልነበረም የገቡት። ልብስ አሰባስበው አከፋፍለዋል፣ የልብስ ስፌት ትምህርት አዘጋጅተዋል፣ ነጻ ሕክምና እንዲሰጥም አድርገዋል። ሕዝቡን በቅርበት ሊያውቁት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በማሪየንታል ከታዩት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያስገረማቸው የጊዜ ጉዳይ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው ብዙ ትርፍ ጊዜ ስላለው ያነባል፣ ይማራል፣ ይዝናናል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍያውን ቢያስቀርም የተዋሾቹ ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ አሽቆለቆለ። ወንዶቹ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠሩ በሰዓት ከፋፍለው እንዲጽፉ ሲጠየቁ ከመነሣት፣ ከመብላትና ከመተኛት በቀር የሚጽፉት አጡ። ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው በዋናው መንገድ የሚያልፉትን ሰዎች አካሄድ ሲለኩም ወንዶቹ በዝግታ የሚራመዱና በየመሐሉ የሚቆሙ መሆናቸውን ተመለከቱ። ሴቶቹ በአንጻሩ የፋብሪካ ሥራቸውን ቢያጡም የቤቱ ሥራ ፋታ ስለማይሰጣቸው ቀናቸው ቅርጹን አላጣም ነበር። ድጎማው እያነሰ በሄደ መጠን ደግሞ ተስፋ አልቆረጡም የተባሉት ቤተሰቦች ተስፋ ወደ መቁረጥ አዘነበሉ። ገቢና መንፈስ ተያይዘው ወረዱ ማለት ነው።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ስታዳብረው ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለሰው የሚሰጣቸውን አምስት ነገሮች ለይታ አስቀምጣለች። እነዚህም ቀንን የሚከፋፍል የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኘት፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ለአንድ ዓላማ መሰለፍ፣ በኅብረተሰቡ ዘንድ የታወቀ ቦታ መያዝና ዘወትር የሚከናወን ተግባር ናቸው። ደመወዙ በድጎማ ወይም በቤተሰብ እገዛ ሊተካ ይችላል። አምስቱ ግን በገንዘብ ብቻ አይተኩም፤ ሲጓደሉም የእንቅልፍ ማጣት፣ የመንፈስ ጭንቀትና ድባቴ ይከተላሉ።

አምስቱ ነገሮች በኢትዮጵያ ከተሞች ሲታዩ ትርጉማቸው ይበልጥ ይጎላል። በእድር፣ በእቁብና በጽዋ ማኅበር መሳተፍ ለአንድ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቦታ የሚያሰጠው ነገር ነው። ሁሉም ግን መዋጮ አላቸው። ገቢው የተቋረጠበት አባወራ ወርኃዊ ክፍያው ሲወዘፍበት በመጀመሪያ ከስብሰባው ይቀራል፤ ቀጥሎ ከለቅሶው ይቀራል፤ በመጨረሻም ከሰው ዐይን መሸሽ ይጀምራል። ወጣቱ ደግሞ ጓደኞቹ ተጋብዘው የሚጋብዙበት ቡና ቤት መግባት ይከብደዋል። ሰው የሚያጽናናው ሰው በሚፈልግበት ሰዓት ከሰው እንዲለይ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስለ ጫትና ስለ አልኮል መጠጥ የሚሰጠው ምክርም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይገባል። ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ጫት መቃማቸው ብዙውን ጊዜ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል። ነገር ግን የጫት ሰዓት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ የታወቀ ቦታ ያለው፣ ጓደኛ ያለበት ሰዓት ነው፤ ከሥራ ጋር የጠፋውን የጊዜ ሥርዓትና ወዳጅነት በተበላሸ መልኩ ይተካል። ባዶውን ሰዓት የሚሞላ ሌላ ነገር ሳያቀርቡ «ተዉ» ብቻ የሚሉ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኮች የሚያመጡት ለውጥ ውስን መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የምትነሣው ከባዶ አይደለም። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መከላከልን መሠረት ያደረጉ 16 የጤና ፓኬጆች በሠለጠኑ ባለሙያዎች አማካይነት ወደ ቤተሰብ እንዲደርሱ ተደርጓል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የከተማውን ሁኔታ ያገናዘበ ፕሮግራም ተቀርጾ የነርስነት ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች በየቀጠናው ተመድበዋል። ፕሮግራሙ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ረገድ ያስገኘው ውጤት የታወቀ ነው። የአሠራሩ መሠረት የቤት ለቤት ጉብኝት በመሆኑ ግን በቀን ቤት የሚገኙትን፣ ማለትም እናቶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው በቀላሉ የሚያገኘው። ተማሪው በትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ሊገኝ ይችላል። ሥራ ያጣው ወጣት ግን ከሁሉም የለም። የሚገኘው በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት፣ በፑል ቤት፣ በሰፈር መታጠፊያ ወይም በወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራ ክፍል በር ላይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መንግሥት በቋሚነት የሚያገኘው በመጨረሻው ቦታ ብቻ ነው። የሥራ ዕድል ፈጠራ ክፍሉ መስኮት ለጤናው ዘርፍ ያለው ዋጋም ከዚህ ይመነጫል።

የሕክምና ወጪን በተመለከተ በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች እየሰፋ መጥቷል። ሥርዓቱ የተዘረጋው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው የኅብረተሰብ ክፍል ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉ ዜጎች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ከዚህም በተጨማሪ የክትባት፣ የወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች.አይ.ቪ አገልግሎቶች በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

ሆኖም በጤና መድኑ አሠራር ሥራ አጡ ወጣት በቀላሉ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። የአባልነቱ መለኪያ ቤተሰብ ነው፤ በመደበኛው መዋጮ የሚሸፈኑትም ባልና ሚስት እንዲሁም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻቸው ናቸው። ከዚያ በላይ ዕድሜ ላለው የቤተሰብ አባል ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ተመርቆ በወላጆቹ ቤት የተቀመጠ የ24 ዓመት ወጣት በቤተሰቡ ካርድ እንዳይታከም ዕድሜው አልፏል፤ ራሱን ችሎ እንዳይመዘገብ ገቢ የለውም። መክፈል የማይችሉ ዜጎች ሲመረጡ ደግሞ ቅድሚያ የሚያገኙት በአብዛኛው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጧሪ የሌላቸው ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን መላ አካሉ ጤነኛ የሚመስለው ወጣት ድህነቱ ለመራጭ ኮሚቴው ዐይን አይታይም። ከመደበኛ ሥራው ተሰናብቶ አሠሪው ይሸፍንለት የነበረውን ሕክምና ያጣ ሠራተኛም፣ ምዝገባና እድሳት በዓመት አንድ ጊዜ በሚካሄድባቸው ወረዳዎች ወቅቱ ካለፈበት ቀጣዩን ዓመት ለመጠበቅ ይገደዳል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሥራ መስጠት ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ለዚህ አብነት የሚሆነው በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፍለው ተከታተሉ። አንደኛው ወገን በድርጅቶቹ የመቀጠር ዕድል ሲያገኝ፣ ሁለተኛው የ300 ዶላር ድጋፍና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ቀረ። እ.ኤ.አ በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት የተቀጠሩት ሰዎች ገቢ ከማነጻጸሪያው ወገን የጎላ ብልጫ አልነበረውም፤ አብዛኞቹም ሥራውን ብዙ ሳይቆዩ ለቀዋል። በፋብሪካ በሠሩ ቁጥር በየወሩ የከባድ የጤና እክል ዕድላቸው በአንድ የመቶኛ ነጥብ ይጨምር ነበር። ድጋፍና ሥልጠና ያገኙት ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ ጨምሯል፤ የሥራ ሰዓታቸውም የተረጋጋ ሆኗል። ይህ የገቢ ብልጫ ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል የጠፋ መሆኑም አብሮ ሊጠቀስ ይገባል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ፋብሪካ አያስፈልግም የሚል አይደለም። አቧራው፣ ኬሚካሉና የሥራ ሰዓቱ ቁጥጥር ካልተደረገባቸው ሥራ አጥነቱ ከመዝገብ ሲሰረዝ ሕመሙ በሌላ መዝገብ ይጻፋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገጉት የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ግዴታዎች ተፈጻሚነት ለሥራ ዕድል ፈጠራ ክፍሎችም የቅርብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስንት ሰው ተቀጠረ ከሚለው ሪፖርት ጎን ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሥራው ላይ እንዳለና ስንቱ በጤና ምክንያት እንደለቀቀ መጠየቅ ቢለመድ ዘርፉ የተሻለ መረጃ ይኖረዋል።

ሥራ ፍለጋውን ራሱን ጤናማ ማድረግም ይቻላል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ሥራ ያጡ ሰዎችን በአነስተኛ ቡድን ሰብስበው የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አዘጋጅተው ነበር። ሥልጠናው ስለ ማመልከቻና ስለ ቃለ መጠይቅ ብቻ አልነበረም። «አልተመረጡም» የሚል መልስ ሲመጣ እንዴት መቋቋም እንደሚቻል ተሳታፊዎቹ አስቀድመው እንዲለማመዱ ይደረግ ነበር። ተሳታፊዎቹ ፈጥነውና በተሻለ ሁኔታ ሥራ ያገኙ ሲሆን፣ ድባቴ ለመያዝ የተቃረቡት ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠቅመዋል። ፊንላንድም መርሐ ግብሩን ከራሷ ሁኔታ ጋር አጣጥማ ተጠቅማበታለች። በአዲስ አበባ በወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ በተካሄደና እ.ኤ.አ በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት ስለ ሥራ ማመልከቻ አዘገጃጀት የተሰጠ አጭር ዐውደ ጥናት ያስገኘው ጥቅም ከአራት ዓመት በኋላም በተሳታፊዎቹ ገቢና በሥራቸው እርካታ ላይ ታይቷል። በአንጻሩ ለመጓጓዣ የተሰጠው ድጎማ ጥቅም በጊዜው ከፍተኛ ቢሆንም በዚያው ጊዜ ውስጥ ደብዝዟል።

ከመነሻው የተወሳችው ማሪየንታል የምትገኝበት የግራማትኖይዚድል ማዘጋጃ እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ ለሌላ ሙከራ ተመርጣ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ላጡ ነዋሪዎች ሁሉ በፈቃደኝነት የሚገቡበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ተዘጋጀላቸው። በተሳታፊዎቹ ላይ የታየው ለውጥ ያሆዳ ከዘረዘረቻቸው ነገሮች ጋር የሚመሳሰል ነው፤ የጊዜ ሥርዓታቸው፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት፣ በኅብረተሰቡ ዘንድ ያላቸው ቦታና የጋራ ዓላማ ስሜታቸው ተሻሻለ። በአካላዊ ጤንነታቸው ላይ ግን ተመራማሪዎቹ ለውጥ አላገኙም። ሥራው የመንፈስን ጉዳት ይጠግናል፤ የተጠራቀመውን የደም ግፊት፣ የጥርስና የወገብ ሕመም ግን ሕክምና እንጂ ሥራ አያድነውም።

በኢትዮጵያ ሁለቱን ለማገናኘት አመቺ ከሆኑት መድረኮች አንዱ በ2009 ዓ.ም በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚዎቹ በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በከተማ ግብርና በቡድን ተደራጅተው ይሠራሉ፤ ከሚያገኙት ክፍያ 20 በመቶውን ይቆጥባሉ። በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ቦታ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚሰባሰቡ ሰዎች በመሆናቸው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ እነርሱን ማግኘት ይቀላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ተወስዶ የደም ግፊት ቢለካ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ተለይቶ ለአክታ ምርመራ ቢላክ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይሆንም። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ለጽዳት ሠራተኞቹ በወቅቱ መድረሱም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በምዝገባው መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። ሦስት ጥያቄዎች ግን ሊጨምር ይችላል፤ የጤና መድን አባል ነዎት ወይ፣ ክትትል የሚፈልግ ሕመም አለብዎት ወይ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው የሚሉትን። መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ ባለጉዳዩ ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄድበት የመላኪያ ወረቀት መስጠት ነው። ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ከመደበኛው ሕክምና ጋር ለማዋሐድ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ ተግባራዊ ማድረግ የጀመረች በመሆኗ በበርካታ ጤና ጣቢያዎች ሥልጠናውን የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ። «መኖሬ ምን ይጠቅማል» የሚል ቃል የሚወጣው ባለጉዳይ ሲያጋጥም ደግሞ እንደ ተራ ምሬት ሊታለፍ አይገባም፤ በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ ሊደርስ ይገባል።

በማንኛውም ጽሕፈት ቤት ሥልጣን ሥር ያለው ሌላው ነገር ቀጠሮ ነው። «ሲመጣ እንጠራዎታለን» የሚል መልስ ተሰጥቶት ለወራት ስልኩን የሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሊያቅድ አይችልም። ቁርጥ ያለ ቀን የተሰጠው፣ በዚያም ቀን «የለም» ቢሆን እንኳ መልስ የሚያገኝ ሥራ ፈላጊ ጊዜውን በሌላ ነገር ላይ ያውላል። ክፍሎቹ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የተመዝጋቢዎችን ጉዳይ የደረሰበትን ደረጃ በስም ዝርዝር ቢለጥፉ ወይም በአጭር የስልክ መልእክት ቢያሳውቁ የመመላለሱ ወጪና ድካም ይቀንሳል።

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ በወላጆቻቸው ቤት የሚኖሩ ሥራ ፈላጊዎች የመድን ሽፋን ጉዳይ ግን በመስኮት ሠራተኛው አቅም የሚፈታ አይደለም። የሥራ ፈላጊዎች መዝገብና የጤና መድን አባላት መዝገብ በአንድ ወረዳ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ተይዘው የሚገኙ ናቸው። ሁለቱ ከዓመታዊው የምዝገባና የእድሳት ወቅት አስቀድሞ ቢመሳከሩ ያለ ሽፋን የቀረው ሥራ ፈላጊ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ ተጨማሪ መዋጮውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄም ለወረዳው ምክር ቤት ከነቁጥሩ ሊቀርብ ይችላል።